አንድ ዓሣ፣ ከዳር፣ በላስቲክ

ኩንዳራ ሐይቅ፣ ማርች 3 ቀን 2009

ይድረስ ለዱጋል ሬን፣

ደኅና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም። ልጄ ሊኔት በየሳምንቱ ስለምትጽፍልኝ ያንተን ደኅንነት ሳልጠይቅም እሰማለሁ። እኔም ደኅና ነኝ። ዳሌዬን ለጠየቅኸው፣ አልተሰበረም፤ ተቀጥቅጧል እንጂ። ከቤቴ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ደረጃ ላይ አዳልጦኝ መውደቄ እውነት ነው። ጎረቤቴ ኦዝዋልድ ሦስት ሰዓት ሙሉ ወድቃ አገኘኋት ብሎ ለሊኔት ያወራው ግን ማጋነን ነው። ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ሰማዩ ጥሩ ነበር፤ ተኝቼ አየሁት።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሊኔት አንድ ክፍል ቀለም ቀብታ፣ መጋረጃ ሰቅላ፣ ማንዱራ መጥተሽ ከእኛ ጋር ኑሪ፣ ብቻሽን ወድቀሽ ሳናውቅ እንዳትሞቺብኝ ትለኛለች። ማንዱራ ከዚህ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ነው፤ የአገሩ ወዲያኛው ጫፍ። እዚያ የወሰድካት አንተ ነህ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው፤ አልረሳሁትም። ውሃ በከበበው ከተማ ተቀምጦ ለሰው የመዋኛ ገንዳ የሚሸጥ ወንድ ምን ዓይነት ወንድ እንደሆነ ያን ጊዜውኑ ነግሬያት ነበር። አልሰማችኝም።

እኔ ሃምሳ ዓመት ከዚህ ውሃ ስበላ ኖሬአለሁ። ባሌ ከሞተም ወዲህ ሳምንት ሙሉ ዓሣ ሳልይዝ የቀረሁበት ጊዜ የለም። ከሰው ፍሪጅ እየተቆነጠረላት የምትኖር አሮጊት አልሆንም። ስለዚህ በዚህ እንስማማ። እናንተ ዘንድ ወንዙ ከባሕር በሚገናኝበት ውሃ አንድ ጠፍጣፋ ራስ ዓሣ ያዝ። ርዝመቱ ከአርባ አምስት ሳንቲ ሜትር አይነስ። በጀልባ ሳይሆን ከዳር ቆመህ፤ በሽሪምፕና በትል ሳይሆን እኔ እንደማደርገው በላስቲክ በተሠራ ማታለያ ዓሣ። ራስህ ይዘህ፣ ራስህ ሆዱን አጥበህ፣ ራስህ ጠብሰህ ሊኔት ከበላችው እመጣለሁ፤ ሻንጣዬን ይዤ፣ አንድ ቃል ሳልናገር። እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ካልያዝክ ግን ስለ ክፍሉም ስለ መጋረጃውም ሁለተኛ እንዳይነሣብኝ።

ለምን አንተን መረጥሽ ትል ይሆናል። እዚህ መጥተህ ዓሣ ያቀረብኩልህ ዕለት፣ "አጥንት አለው እንዴ?" ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። እንዳንተ ያለ ሰው ከዳር ቆሞ እራቱን ካገኘ፣ በዚያ ውሃ አጠገብ እኔ አልራብም።

ስልክ አትደውል። ጆሮዬ ውስጥ የምከተው መሣሪያ ያፏጫል እንጂ አያሰማም። ጻፍ።

ቨርና ሃላም


ማንዱራ፣ ማርች 21 ቀን 2009

ይድረስ ለተከበሩ ወይዘሮ ሃላም፣

ጤናዎ እንዴት ነው? መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ያልተጻፈው የሚጻፍ ነገር እስካገኝ ነው፤ አሁንም ብዙ አላገኘሁም።

የለም፣ ብዕሩን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ሊኔት እያስጻፈችኝ አይደለም። ስለ ውርርዱ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። እርስዎ ከወደቁ ጀምሮ አንዲት ሻንጣ አሰናድታ በር ሥር አስቀምጣለች። አንድ ቀን ኦዝዋልድ ይደውላል፣ ያን ጊዜ ልብስ በመምረጥ ደቂቃ አላጠፋም ትላለች። በየጠዋቱ ወደ ሥራ ስሄድ ያቺን ሻንጣ ተሻግሬ ነው የምወጣው። ቂሜን ትቼ ዘንግ የገዛሁት ለዚህ ነው።

አዎን፣ ዘንግ ገዝቻለሁ። ማጠንጠኛ፣ ክር፣ ጫፋቸው እርሳስ የሆኑ መንጠቆዎች፣ ዐሥራ አራት ከረጢት ላስቲክም ገዝቻለሁ። ባለ ሱቁ ይህ ሁሉ ግድ ነው አለኝ። ሦስት ቀን ድልድዩ ሥር ቆምኩ። ሲነኳቸው ሆዳቸውን እንደ ኳስ የሚነፉ ትንንሽ ዓሦች የላስቲኮቼን ሃያ ሁለት ጭራ ቆርጠው በሉብኝ። አጠገቤ በሽሪምፕ የሚያጠምድ አንድ ሽማግሌ፣ "ላስቲክ በልቶ የሚጠግብ ዓሣ ካገኘህ ለእኔም ንገረኝ፤ የአሮጌ መኪና ጎማ አለኝ" አለኝ። በአራተኛው ቀን ሣጥኔን ብከፍት ላስቲኮቹ ሁሉ ቀልጠው አንድ ላይ ተጣብቀዋል። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ገንዳ መሸጥ ነውር እንዳልሆነ በዚሁ አጋጣሚ ላሳስብዎ እወዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ዱጋል


ኩንዳራ ሐይቅ፣ ኤፕሪል 7

ይድረስ ለዱጋል፣

የሚለጠጠውንና ተራውን ላስቲክ በአንድ ሣጥን ከትተህ፣ ሣጥኑን መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ትተህ፣ ቀልጦ ሙጫ ሆነብኝ ብለህ ለእኔ ትጽፋለህ። ዝም ብትል ማን ያውቅብህ ነበር? ሁለቱ ከተነካኩ እንደሚቀላለጡ እዚህ ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን ያውቃል። እያንዳንዱ በመጣበት ከረጢት ይቀመጣል። ከረጢቱ ላይም ተጽፏል፤ ማንበብ አትችል እንደሁ ሊኔት ታንብብልህ።

ዐሥራ አራት ከረጢት! ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፤ ባለ ሱቁን አልፈርድበትም። ሁለት ከረጢት ይበቃል፤ አንድ ነጭ፣ አንድ አሸዋ የሚመስል። የቀረውን ለሽማግሌው ስጠው፤ ከጎማው ጋር ያስቀምጠው።

ጭራ የሚቆረጥብህ እንደ መብራት ምሰሶ ተተክለህ ስለምትቆም ነው። ጠፍጣፋ ራስ የሚፈልግ ሰው ይራመዳል። አምስት ጊዜ ወርውር፤ ካልነካህ ዐሥር እርምጃ ሂድ። እግር የተሰጠህ ለዚህ እንጂ ገንዳ ዙሪያ ለመንጎራደድ አይደለም።

የት ልፈልገው ትል ይሆናል፤ መጀመሪያ ዘንጉን ቤት ተወው። ባሕሩ እንደ ዕለት ልማዱ ሸሽቶ ውሃው ጎድሎ አሸዋው ሲገለጥ ባዶ እጅህን ሂድና መሬት መሬት እያየህ ተራመድ። ይህ ዓሣ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ነው የሚያደባው። ተነሥቶ ሲሄድ የተኛበት ቅርጽ ይቀራል፤ ሰፊ ራስ፣ ከዚያ እየጠበበ የሚሄድ ገላ። ቅርጹን ስታገኝ ራሱ ወዴት እንደዞረ እይ። ምግቡ የሚመጣለት ከዚያ በኩል ነው። ሁለት ሦስት ቅርጽ ጎን ለጎን ካየህ ቦታውን ልብ በል፤ ለሽማግሌውም አትንገረው።

ወደ ውሃው ትወርጃለሽ ወይ ብላ ሊኔት ጠይቃኛለች፤ አንተ ንገራት። እሑድ ጠዋት ቁርሴን ሳልቀምስ ሁለት ይዤ ተመለስኩ። ደረጃውንም በእግሬ ወጣሁት፤ ማንም አልተሸከመኝም።

ቨርና


ማንዱራ፣ ሜይ 3 ቀን 2009

ይድረስ ለወይዘሮ ሃላም፣

ቅርጹን አገኘሁት። አራት ናቸው፤ ከድልድዩ ወዲያ፣ ሣሩ አልቆ አሸዋው በሚጀምርበት። ተንበርክኬ በስንዝር ለካኋቸው። ትልቁ ሦስት ስንዝር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ሊኔት መኪና ውስጥ ሆና ታየኝ ነበር፤ ስመለስ ምን ሆነሃል አለችኝ። ምንም አልሆንኩም፤ ብቻ ከዚያ ቀን ወዲህ ድልድዩን ስሻገር ውሃውን ሳላይ አላልፍም። ድሮ አላየውም ነበር።

ዓሣ ግን አልያዝኩም። ገመድ ይዣለሁ፤ ጫማ ይዣለሁ፤ ሱሪዬን ከኋላ ይዤዋለሁ። ሽማግሌው በየቀኑ ስንት ያዝክ ይለኛል፤ መልሱን ሳይሰማ ይስቃል።

ስለ ሊኔት እንቅልፍ ራሷ ብትነግርዎ ይሻላል። እኔ የምነግርዎ ይህን ብቻ ነው። ከሥራ ስትመለስ ገና በሩ ላይ ፊቴን ታያለች። ክፉ ወሬ ካለ ከፊቴ ልታነብ ነው። እናም ዓሣ አልነካ ብሎኝ ብናደድም እንኳ ፊቴን አስተካክዬ ነው የምጠብቃት።

እባክዎ የቀረውን ያስተምሩኝ።

ዱጋል


ኩንዳራ ሐይቅ፣ ሜይ 30

ይድረስ ለዱጋል፣

"እባክዎ" የሚለውን ተወው፤ ልመና ዓሣ አይዝም።

ወርውረህ ወዲያው ትስባለህ። ከአጻጻፍህ ይታወቃል፤ ዓረፍተ ነገርህም እንደዚያው ነው፣ ሳይሰምጥ ትስበዋለህ። ላስቲኩ እስኪሰምጥ ጠብቅ። ክሩ ሲላላ መሬት ነካ ማለት ነው። ያን ጊዜ ዘንጉን ሁለት ጊዜ ከፍ አድርገህ ተወው፤ ይውደቅ። ዓሣው የሚይዘው ሲነሣ ሳይሆን ሲወድቅ ነው። ስለዚህ ሲወድቅ ክሩን እይ። ክሩ ካለ ነገር ወደ ጎን ከሄደ ወይም ሳይደርስበት ከቆመ፣ ያዘህ። አንተ ግን ሲወድቅ ሰማዩን እያየህ ስለ ሽማግሌው ታስባለህ።

ሁለተኛው ነገር ይበልጣል። ውሃው መቼ እንደሚጎድል ካላወቅህ የቀረው ሁሉ ውሃ ወቀጣ ነው። ውሃው ሲሞላ ትንንሾቹ ዓሦች ሣሩ ላይ ይበተናሉ፤ ማንም አያገኛቸውም። ሲጎድል ግን መውጫቸው አንድ ነው፤ ጥልቁ በሚጀምርበት ከንፈር በኩል ያልፋሉ። ጠፍጣፋው እዚያ ተኝቶ ይጠብቃል፤ ድግስ ቤት ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ቦታ እንደያዘ ሆዳም። ውሃው ካልሄደ ምግብ አይመጣም፤ ምግብ ካልመጣ አፉን አይከፍትም። ይህን አንድ ነገር ብቻ ብታስታውስ ከሽማግሌው ትበልጣለህ።

የእኛ ባሕር በቀን የሚሞላውና የሚጎድለው ከስንዝር ብዙም አይበልጥም ያልክበትን ሁለተኛ ደብዳቤህን አነበብኩ። እንደ ሰዎቹ ሰነፍ ነው ማለት ነው። ስንዝርም ትበቃለች። ሰዓቱን የሚነግር ሰንጠረዥ ይሸጣል፤ ግዛና እንደ ጸሎት መጽሐፍ አንብበው። የባሕር ሰንጠረዥ ለእኔ ሐይቅ አይሆንም፤ የእኛ ውሃ ከባሕር የሚገናኘው በአንዲት ጠባብ አፍ ስለሆነ ዘግይቶ ነው የሚጎድለው። ለአሠሪህ ምን ልበለው ላልከው፣ ገንዳ ሻጭ ሁለት ሰዓት ቢጠፋ ማን ያጣዋል?

እኔ ማክሰኞ ዕለት ውሃው መጉደል ሲጀምር ወርጄ፣ ገና በሦስተኛው ውርወራ ስድሳ ሳንቲ ሜትር የሚሆን ያዝኩ። ያየ ሰው ሁሉ አፉን ያዘ። ለሊኔት ንገራት።

ቨርና


ኩንዳራ ሐይቅ፣ ጁላይ 9

ይድረስ ለዱጋል፣

እግርህ ሥር ድረስ ያመጣኸውን ዓሣ አጣሁት ብለህ ሦስት ገጽ ጽፈሃል። ለሞተ ሰው እንኳ ይህን ያህል አይጻፍም። ነገሩ በሁለት ቃል ያልቃል፤ ጎትተህ አነሣኸው። ዓሣውን ወደ አሸዋው ያንሸራትቱታል እንጂ እንደ ባልዲ ከጉድጓድ አያወጡትም። ክርህም መንጠቆው አጠገብ ተፍቆ ነበር፤ የዓሣው ጥርስ ሻካራ ነው፣ ይፍቀዋል። ከእያንዳንዱ ንክሻ በኋላ ክሩን በጣትህ ዳስሰው። ሻክሮ ካገኘኸው ቆርጠህ እንደገና እሰረው። ሰነፍ የማይቆርጣት ያቺ አንድ ክንድ ክር እራቱን ታስከፍለዋለች።

ሊኔት አውሮፕላን ተሳፍራ ልትጠይቀኝ እንደምትፈልግ ጽፈህልኛል። አትምጣ። ክረምት ነው፣ ቤቱ ይቀዘቅዛል፣ እኔም ጊዜ የለኝም። ቀኑን ሙሉ ውሃ ዳር ነኝ። ትናንት ጠዋት ብቻ ውሃው እየጎደለ ሳለ ሦስት ያዝኩ፤ ሁለቱን ለኦዝዋልድ ሰጠሁት። ደረጃውን በቀን ሁለት ጊዜ የምትወጣና የምትወርድ ሴት ጠያቂ አያሻትም። እንዳትመጣ አድርግ። እሷን አሳምነህ ማስቀረት ካልቻልክ ለምን ባል ሆንክ?

መንጠቆ ልላክልዎ ወይ ያልከው ቀልድ ከሆነ አላሳቀኝም።

ቨርና


ማንዱራ፣ ኦገስት 23 ቀን 2009

ይድረስ ለተከበሩ ወይዘሮ ሃላም፣

አርባ ስምንት ሳንቲ ሜትር።

ትናንት ከቀትር በኋላ ነው። ውሃው መጉደል ከጀመረ አርባ ደቂቃ ሆኖት ነበር። ከአራቱ ቅርጾች በላይ ቆሜ አሸዋ የሚመስለውን ላስቲክ ወረወርኩ። ሰመጠ፤ ክሩ ላላ። ሁለት ጊዜ አነሣሁትና ተውኩት። ሲወድቅ ክሩ ወደ ጎን ሄደ። አልጎተትኩም፤ አንሸራተትኩት። ከጉንጩ ያለው እሾህ አውራ ጣቴን ቀደደው፤ ይህን ደብዳቤ በፋሻ ነው የምጽፈው። ሽማግሌው ተነሥቶ መጣና ለረጅም ጊዜ አየው። "ላስቲክ ነው?" አለኝ። አዎ አልኩት። ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ሆዱን ራሴ አጠብኩት። በቅቤ ጠበስኩት፤ ከጫፉ ትንሽ አሮብኛል። ሊኔት በሁለት እጇ በላች። አጥንቱ ብቻ ሲቀር፣ "ጨው አንሶታል" አለችና አለቀሰች። ከዚያ ተነሥታ ያቺን ሻንጣ ከበሩ ሥር አንሥታ ልብሱን ቁም ሣጥን ውስጥ መለሰችው። ከፌብሯሪ ወዲህ ዛሬ ገና በራችን ነጻ ሆኖ አየሁት።

ቃል የገቡት ለእኔ ነው፤ እኔም ቃሌን ጠብቄአለሁ። መቼ ልንቀበልዎ እንምጣ? ቀኑን እርስዎ ይምረጡ።

ያስተማሩኝን ሁሉ አመሰግናለሁ። ይህን የምለው ከልቤ ነው።

ዱጋል


ኩንዳራ ሐይቅ፣ ሴፕቴምበር 4

ይድረስ ለዱጋል፣

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። አርባ ስምንት! በክረምት! በሰነፍ ባሕር! እናንተ ከተማ ዓሣ ሻጭ የለም ወይ? ስንት ጠየቀህ?

ማን አየህ? ሚስትህ በላች፤ ሚስት ለባሏ ያልመሰከረች ለማን ትመሰክር ነው? ሽማግሌው አየ ትላለህ፤ ሽማግሌውን እኔ አላውቀውም፤ ጎማውንም አላውቀውም። የጣት ቁስልማ የቆርቆሮ ክዳንም ያቆስላል። አምስት ወር ሙሉ ገመድና ጫማ ሲይዝ የኖረ ሰው ድንገት አርባ ስምንት አይዝም። እኔ እንዲህ ባለ ነገር አልታለልም፤ ከዚህ ውሃ ጋር ሃምሳ ዓመት የኖርኩ ሴት ነኝ።

እኔ ነኝ ዓሣ የምይዘው። ዛሬ ጠዋት እንኳ ውሃው እየጎደለ ሲሄድ ከከንፈሩ ላይ አርባ ስድስት አውጥቻለሁ። እየበላሁ ነው ይህን የምጽፍልህ።

ስለዚህ ቀን የምመርጥበት ምክንያት የለኝም። ሊኔትም ሻንጣዋን መፍታቷ ጥሩ አድርጋለች። ነገሩ እዚህ ላይ ይብቃ።

ቨርና ሃላም


ማንዱራ፣ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2009

ወይዘሮ ሃላም፣

ሰላምታውን ትቼዋለሁ።

ደብዳቤዎን ሳነብ ተናደድኩ። አርባ ስድስት ይዤአለሁ ያሉበት ጠዋት በእርግጥ ውሃው ይጎድል እንደነበር ላረጋግጥ ፈለግሁ። የባሕሩ ሰንጠረዥ ለሐይቅ አይሆንም፤ ይህንንም እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። ስለዚህ ኩንዳራ ጀልባ ለሚያከራዩት ሰዎች ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሣች። በሴፕቴምበር አራት ሐይቁ የሚጎድለው በስንት ሰዓት ነበር አልኳት። ሳቀችብኝ።

"የምን መጉደል አመጣህ፣ የኔ ወንድም? የሐይቁ አፍ በአሸዋ ከተዘጋ እኮ አራት ወር ሆነው። ከሜይ አጋማሽ ጀምሮ ውሃው ብርጭቆ ውስጥ እንዳለ ሻይ ዝም ብሎ ተቀምጧል።"

ደብዳቤዎችዎን አውጥቼ ዘረጋኋቸው። በሜይ መጨረሻ ውሃው ሲጎድል ስድሳ። በጁላይ ውሃው ሲጎድል ሦስት። በሴፕቴምበር ውሃው ሲጎድል አርባ ስድስት። ከባሕር ያልተገናኘ ውሃ ወዴት ነው የሚጎድለው? ውሃው ካልሄደ አፉን አይከፍትም ብለው የጻፉልኝ እርስዎ አይደሉም?

የዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በእርስዎ ዘንድ ገንዳ ሻጩ ነኝ፤ ስሜን እንኳ ሊኔት ፊት ነው የሚጠሩት። እኔ ግን ገንዳ ስሸጥ ያልሞላውን ሞልቷል ብዬ ለማንም አላውቅም። እርስዎ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዓሣ እየያዙ፣ ውሃ ውስጥ ቆሜ የያዝኩትን ከሱቅ ነው አሉኝ። ጣቴ ቢድንም ይህ አይድንልኝም።

ለሊኔት አልነገርኳትም። ብነግራት ነገውኑ በርራ መጥታ ታመጣዎታለች፤ ሁለታችሁም እስከ ዕድሜ ልካችሁ ይህን አትረሱትም። ቃል የሰጡት ለእኔ ነው፤ ከእኔ ጋር ይጨርሱት። ለመጨረሻ ጊዜ ውሃው ዳር የወረዱት መቼ ነው? ይጻፉልኝ ወይም ይተውት፤ ደግሜ አልጠይቅም።

ዱጋል ሬን


ኩንዳራ ሐይቅ፣ ሴፕቴምበር 27

ይድረስ ለዱጋል፣

ደብዳቤህን አራት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱን ጊዜ ስሕተት ስፈልግበት ነው። አላገኘሁም።

ከወደቅሁበት ቀን ወዲህ ውሃው ዳር ወርጄ አላውቅም፤ አንድም ቀን። በየጠዋቱ ዘንጌን ይዤ እወጣለሁ፣ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ስደርስ እግሬ ይንቀጠቀጣል፣ እመለሳለሁ። የምበላውን ዓሣ ኦዝዋልድ ከሱቅ ያመጣልኛል፤ የቀዘቀዘ፣ አጥንቱ የወጣ። ዓሣ ሻጩን ስላንተ የጠቀስኩት ከልምዴ ነው።

መዋሸቴ ተያዘ ብዬ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። አንተን መዋሸት ለእኔ ምንም አልነበረም፤ እንደማትይዘኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ያመመኝ ሌላ ነው። የሐይቁ አፍ መዘጋቱን አላውቅም ነበር።

አንተ ይህ ምን ያህል እንደሆነ አይገባህ ይሆናል፤ ወይም አሁን ይገባሃል። ከመስኮቴ ዛፎቹ ይጋርዱኛል፣ የሚታየኝ አንድ ሰሐን የምታህል ውሃ ናት። ግን ጆሮዬ ደኅና ሳለ መስኮት አያሻኝም ነበር። አሸዋው አፉን ሲዘጋ የባሕሩ ድምፅ ይለወጣል፤ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰምቼ ባሌን፣ "ተዘጋ" እለው ነበር። እሱ ሄዶ አይቶ ይመጣል፤ አንድም ጊዜ አልተሳሳትኩም። ዘንድሮ ለአራት ወር ተዘግቶ እኔ በየደብዳቤው ውሃው ሲጎድል እያልኩ ስጽፍልህ ነበር። ኦዝዋልድን በየሳምንቱ ውሃው እንዴት ነው እለዋለሁ። "አለ" ይለኛል። ሠላሳ ዓመት ከሐይቅ ጎን ኖሮ የሚያውቀው መኖሩን ብቻ ነው። አንተን ስንቅ ኖርኩ እንጂ ንቀቱ የሚገባው እሱ ነበር። አሁን ግን እኔም ከእሱ አልሻልም። አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀህ የደጄን ውሃ ከእኔ ይበልጥ አወቅህ።

ዓሦቹ ግን እውነት ናቸው፤ ቀኑ ነው ውሸቱ። ስድሳው በ1986 ነው። ባሌ የመጀመሪያውን ላስቲክ ከሲድኒ ገዝቶልኝ በመጣ ሳምንት፣ ዳር የቆመው ሁሉ ሲስቅብኝ ያዝኩት፤ ከዚያ አፋቸውን ያዙ። ሦስቱ ባሌን በቀበርኩ በሳምንቱ ነው። ለሁለት ሰው መያዝ ለምዶብኝ ለማን እንደማበስለው ጠፋኝ፤ ሁለቱን ለኦዝዋልድ ሰጠሁት። እሑድ ጠዋት ያልኩህ ሁለቱ ሊኔት ላንተ ተድራ የሄደች ዕለት ነው፤ ቤት ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም ነበር።

አርባ ስድስቱ ያለፈው ጃንዋሪ ነው፤ ከመውደቄ ሦስት ሳምንት በፊት። የመጨረሻዬ እሱ ነው። እሱን ከጻፍኩልህ በኋላ ደግመህ ብትጠይቀኝ ምን እንደምጽፍ አላውቅም ነበር።

ያንተ አርባ ስምንት እውነት መሆኑን ገና ሳነበው አውቄአለሁ። "ሲወድቅ ክሩ ወደ ጎን ሄደ" ብለህ ነበር። ዓሣ ከሱቅ የገዛ ሰው ይህን አይጽፍም። አውቄ ነው የካድኩህ፤ ይቅርታ አድርግልኝ። ይህን ቃል ለባሌም አብዝቼ አላልኩትም።

ሊኔት ትምጣና ትውሰደኝ። ስለ ሐይቁ አትንገራት። የምትነግራት ከሆነም እኔ ከሄድኩ በኋላ ይሁን። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ እንዳትስመኝ፤ ሁለታችንም እናለቅሳለን።

አራቱ ቅርጾች ያሉበትን ቦታ ለማንም አላሳየህም ብዬ አምናለሁ። እንደ ደረስኩ እዚያ ትወስደኛለህ። ድምፁን አልሰማውም፤ ስለዚህ ውሃው መጉደል ሲጀምር በእጅህ ትከሻዬን ትነካኛለህ።

ቨርና